ካሴቱ የተገኘው ባሕር ዳር ነው

አንድ ባንድ አዲስ ሥራ በለቀቀ ቁጥር ከሥሩ ከሚደረደሩት አስተያየቶች አንዱን ሳታነቡት ታውቁታላችሁ። «የድሮው ይሻል ነበር፣ ወደዚያው ተመለሱ» ይላል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክርክር ነበር። ጮክ ያለ ጊታር፣ ከባድ ድራም፣ አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር (ቢል ላስዌል)... «ሮክ ምናችን ነው?» ያለ ሰው አልጠፋም። ዜማው ላይ የኛው ቅኝት ቁጭ ብሎ እያለ እኮ ነው።

ሁለቱም አስተያየቶች አንድ ነገር ይረሳሉ። ዛሬ «የድሮ» የምንለው ድምፅ በጊዜው አዲስ ነበር፤ ለብዙ ጆሮም ባዕድ ነበር።

ዋሊያስ ባንድን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ያለበት አልበም ስሙ «ቼ በለው» ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ተገኝቶ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው «ቼ» ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስሙ የፈረሰኛ ነው፤ ድምፁ ግን የኦርጋን፣ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ የባስና የድራም ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ ገብቶበታል። በክራር፣ በማሲንቆና በዋሽንት ያደገ ሽማግሌ ያን ጊዜ ሲሰማው «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ቢል አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ያው ሙዚቃ ካፌ ውስጥ ሲከፈት «ኧረ ድሮ ቀረ!» እንላለን። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሲጫወት፣ በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት እንግዳው ሳይወጣ ስለሚያድር እስኪነጋ የተጫወቱባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ያ ድምፅ እንዲያ የሰላው ዝም ብሎ አይደለም፤ ማታ ማታ ተሠርቶበታል።

ከነሱ መካከል ኪቦርዲስቱን ኃይሉ መርጊያን ለይቼ ላንሳው። መመለስ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከሱ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለኮንሰርት ሲሄድ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገባና ካሴት ቀዳ። የያዘው በወጣትነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ነበር። ባንዶቹ ሁሉ ወደ ኪቦርድ ከዞሩ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን የድሮ ዜማዎችን በአኮርዲዮን እየተጫወተ ከጎኑ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን አሰለፈ። «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ሥራ ይሄ ነው። የድሮውን መልሶ መሥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሆነ ሠርግ ላይ ተጫውተውት ይረሳ ነበር። አኮርዲዮኑ ከማሽኑ ጋር ሲገናኝ ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ ድምፅ ወጣ።

ከዚያስ? ከዚያ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ደላስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ለብዙ ዓመታት።

አሁን ወደኛ ሰፈር እንምጣ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶችን እያሰሰ ሲዞር የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ያገኘው የት ይመስላችኋል? ኒውዮርክ አይደለም፤ አዲስ አበባም አይደለም። ባሕር ዳር፣ አንድ ካሴት ቤት ውስጥ ነው። ከዳንግላ ሚኒባስ ከያዛችሁ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ሰውዬው ኢንተርኔት ላይ ስልኩን ፈልጎ ኃይሉ ጋ ደወለ፣ ተስማሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ወጣ። በ2018 ባስና ድራም ብቻ አስከትሎ «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። «ላላ በሉ» ላይ አኮርዲዮኑ አለ፣ ትዝታና አንቺሆዬም አሉ፤ ግን ከኋላ የሚጫወቱት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ፍሰቱም ከሂልተን ዘመን የተለየ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ወደ ድሮ ድምፁ ሲመለስ እንኳን አዲስ ነገር ይዞ ነው የሚመለሰው። ጃኖንም ሆነ ሌላውን ባንድ «ተመለሱ» ስንል ይህን ማለታችን ከሆነ ጥሩ፤ ያንኑ ዘፈን ድገሙልን ማለታችን ከሆነ ግን ፋይሉ ስልካችን ላይ አለ፣ ባንዱን ለምን እናስቸግራለን?

አለ ወይ ግን? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። መመለስ የሚቻለው የሚመለሱበት ነገር ከተቀመጠ ብቻ ነው። ያ ካሴት ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ ባይቆይ ኖሮ ኃይሉ ምናልባት ዛሬም ከታክሲው ጋር ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየነውን አስታውሱ። «ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለው መልስ በአንድ ጀምበር ባዶ ሆነ። ወራት አልፈው ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ዘፈን የነበረው ቀድሞ ሚሞሪ ላይ ያስጫነ ሰው ብቻ ነበር፤ በብሉቱዝና በዛፒያ የተለማመነው እሱን ነው።

የአማርኛው እንኳን ባይኖረን ሌላ ቦታ ይገኛል። በአውንጂ የተዘፈነውስ? የሠርጉ፣ የፈረስ ጉግሱ፣ በየገጠሩ በቴፕ የተቀዳው፣ አንድ ኮፒ ብቻ ያለው ካሴት? ለዚያ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ደግሞ የእንጅባራ ክረምት ለካሴት አይራራም፤ ብርድና እርጥበቱ ክሩን ያሻግተዋል።

ስለዚህ የምለው ትንሽ ነገር ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ቤት አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ክፈቱ። የሻገተ ካሴት ካገኛችሁ ወዲያው አታጫውቱት፣ ቴፑንም ያበላሻል፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ያጽዳላችሁ። የላላውን በቢክ እስክሪብቶ ጠምዝዙት። ስትቀዱ የስልካችሁን ማይክ ቴፑ ፊት አትደቅኑ፤ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የሚገባ ገመድ ውድ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ የማን ሠርግ እንደነበረ፣ ዋሽንቱን ማን እንደነፋ፣ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁና ጻፉ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ አንድ ክፍልና ሁለት ደህና ቴፕ ቢመድብ ብዙ ወጪ አይሆንበትም።

አንድ ነገር ብቻ ሳልል አልቀርም። ሙዚቃ ቤት ሄደን በጥቂት ብር ሚሞሪ ስናስሞላ ለዘፋኙ የሚደርሰው ምንም የለም። ካሴት ማዳንና ዘፈን መስረቅ በአንድ ገመድ ነው የሚሠሩት። ሺምኮቪትዝ ከማሳተሙ በፊት ደውሏል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ገቢውንም ከሱ ጋር ተካፍሏል። እንጅባራና ዳንግላ ውስጥ ደግሞ የዘፋኙን ስልክ ለማግኘት ጎግልም አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው ብትጠይቁ ቤቱ ድረስ ይወስዷችኋል።