ወንድማማችነት ደረሰኝ አይሆንም!

“ገንዘባችንን አሰባስበን ሕንጻ እንግዛ!” ጎበዝ፣ አትላንታ ውስጥ ይቺን ነገር ከለቅሶ ቤት እስከ ክርስትና ድግስ ስሰማት ኖሬአለሁ። ሰምቼም አልቀረሁ፤ አምስት ሺህ ዶላር አዋጣሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ “ወንድማማቾች አይደለን እንዴ!” ተባልኩ። ሕንጻው እስከ ዛሬ የለም፤ “ወንድሜ”ም ስልክ አያነሳም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሕጋዊ መንገድ እያለ መበላታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የአሜሪካ የአክሲዮን ሕግ በአንድ ስቴት ውስጥ ብቻ የሚሸጥን ድርሻ ከፌዴራል ምዝገባ ነፃ ያደርጋል። ካንሳስና ጆርጂያ በ2011 በዚችው ቀዳዳ ለተራው ሰው በር ከፈቱ። ጆርጂያ ስትጀምር ጣሪያው በጠቅላላው 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ሀብታም ላልሆነ ሰው ደግሞ 10,000 ነበር። ኩባንያውም ገዢውም የጆርጂያ መሆን አለባቸው። ሻጩ ለሕዝብ ከማስተዋወቁ በፊት ለስቴቱ ያሳውቃል። ገንዘቡም ባንክ ይገባል እንጂ የአጎት ልጅ ኪስ አይገባም!

በእርግጥ ስቴቱ ለትርፉ ዋስ አይሆንም፤ ድርሻውንም ባሰኘህ ቀን ሸጠህ አትወጣም። “ዕቁባችን ምን ጎደለው?” የሚሉኝ አሉ። ምንም! ዕቁብ ግን ዙሩ ሲያልቅ ያበቃል። ሕንጻ ጣሪያው ያፈሳል፣ ተከራዩ ይለቃል፣ ባለድርሻው ይሞታል። ያን ጊዜ ወራሽ ምን ይዞ ይከራከር?

ባለፈው እሑድ አንዱ ደግሞ ለሌላ ሕንጻ ጠራኝ። “መጀመሪያ ለስቴቱ ያስገባኸውን ወረቀት አሳየኝ” አልኩት።

“አታምነኝም ማለት ነው?” ብሎ ተኮሳተረ።

“አዎ” አልኩት።