ያቺን ቁልፍ ማን ሠራት?

ባለፈው እሁድ ጃል ኤል ዲብ ቡና ስንጠጣ አንዷ እህታችን፣ "ወንድሜ አዲስ አበባ ሶፍትዌር ይማራል" አለችን። ክፍያውን የምትልክለት እሷ ናት። እልል አልንላት። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ስለ እኛስ ያስተምሩታል?

በ2019 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ኩዌት ውስጥ ያጋለጠውን አስታውሱ። ፎርሴል በሚባል የመሸጫ አፕ ላይ የቤት ሠራተኞች ከነዋጋቸው ተለጥፈው፣ በዘር እየለዩ መምረጥ ይቻል ነበር። ጉዳዩ ሲወጣ ድርጅቱ ክፍሉን አነሳው። ሩቅ ነው አትበሉ፤ በሚያዝያ 2020 እዚሁ ሊባኖስ አንዲት ናይጄሪያዊት ፌስቡክ ላይ በ1,000 ዶላር ለሽያጭ ቀርባለች። የለጠፈው ሰው ታሰረ።

ያቺን በዘር የምትለይ ቁልፍ የሠራትስ? "እኛ መሣሪያ ነው የምንሠራው፣ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው" ይላሉ። ቢላዋ እኮ ሽንኩርትም ይከትፋል፤ ያቺ ቁልፍ ሌላ ምን ሥራ አላት? ለሠሪዋ ተጠቃሚ ማለት ማዳም ናት፤ እኛ ዕቃ ነን። ከፋላውን፣ የተቀማውን ፓስፖርት፣ የተቆለፈውን በር እንዲያይ ማን አስተማረው? ኮዱ ከሠራለት አለፈ።

የቤሩትም የአዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ያስተምሩ። "ሥነ ምግባር" ብለው በአንድ ሰዓት እንዳይገላገሉን! ተማሪው ከስልኩ ውጭ ያለውን ሥርዓት ሁሉ አይቶ፣ "ይህን ስሠራ ስልክ የሌላት ሴት ምን ትሆናለች?" ብሎ ይጠይቅ። ፈተና ላይ ይምጣ፤ ያልመለሰ ይውደቅ።

አንቺ እህቴ ደግሞ፣ የሚቀጥለውን ክፍያ ስትልኪ ወንድምሽን ጠይቂው። አላስተማሩኝም ካለሽ፣ አንቺ ጀምሪለት።