የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ወራዙተ ባልቲሞር

እ.ኤ.አ. በ2021 በ110 ጨዋታዎች ድል ተነሥቶ መዘባበቻ ሆኖ የነበረው የባልቲሞር የቤዝቦል ቡድን ኦሪዮልስ፣ በ2023 101 ጊዜ አሸንፎ የምድቡ ቀዳሚ ለመሆን የበቃው፣ በብዙ ወርቅ በገዛቸው ስመ ጥር ተጫዋቾች ሳይሆን በታናናሽ ቡድኖቹ በትዕግሥት ኮትኩቶ ባሳደጋቸው ወራዙት በመሆኑ፣ ይህን እትማችንን ለእነርሱ መስጠት የተገባ ሆኖ ታይቶናል።

ከእነዚህ ወራዙት መካከል አድሊ ራችማንና የአሜሪካን ሊግ የ2023 ምርጥ ጀማሪ ተብሎ የተሸለመው ጋነር ሄንደርሰን መዓርጋቸውን ከወዲሁ አስመስክረዋል። የ2024 ውድድር ሊከፈት ሲቃረብ የሁሉ ዓይን ያረፈው በ2022ቱ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምልመላ ከሁሉ አስቀድሞ በተመረጠው በጃክሰን ሆሊዴይ ላይ ነበር፤ አባቱ ማትም (የአባት ዝና ኳስ አይመታም እንጂ) በዚሁ ጨዋታ የታወቀ ነበር። ያን ጊዜ ገና 20 ዓመት በሞላው ብላቴና ላይ የከተማ ሙሉ ተስፋ መጫን ከባድ ነበርና፣ ቡድኑ ባይቸኩልበት እንመርጥ ነበር።