ዘጠኝ ሺህ ዙር የት ልትነዳው ነው?

ሆንዳ ኤስ2000 ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ መልሴ አጭር ነው፤ 2.2 ሊትሩን ግዛ እለዋለሁ። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ይዤ የስንቱን ወገን ካምሪና ሲዬና ፍሬን ቀይሬያለሁ፤ በካምሪ ጉዳይ ማንም ተከራክሮኝ አያውቅም። በዚህች ሁለት ሰው ብቻ በምትጭን፣ ጣሪያዋ ጨርቅ በሆነ መኪና ጉዳይ ግን እዚህ ያደጉት ልጆቻችን መካኒኩን ሊያስተምሩት ይነሳሉ። «ጋሼ፣ እውነተኛዋ እኮ ኤፒ1 ናት፤ 9,000 ትዞራለች» ይሉኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሆንዳ ይህችን መኪና እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣት ለ50ኛ ዓመቱ መታሰቢያ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኤፒ1 የምትባለው የመጀመሪያዋ መኪና ሞተሯ 2.0 ሊትር ሲሆን፣ ያለ ቱርቦ አሜሪካ ውስጥ 240፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ 250 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ጉድ የሚያሰኝ ነው። አውቶማቲክ የሚባል ነገር የለም፤ ስድስት ማርሽ በእጅ ነው። ከ2004 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ የሚመጣው ሞተር 2.2 ሊትር ሆነ፣ የመኪናዋም መለያ ኤፒ2 ተባለ። የፈረስ ጉልበቱ ባለበት ቀረ፤ ቀዩ መስመር (ሞተሩ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ዙር) ግን ከ9,000 ገደማ ወደ 8,000 ገደማ ወረደ። የኤፒ1 ወዳጆች ይቅር ያላሉት ይህችን አንድ ሺህ ነው።

ሆንዳ ፈርቶ ያወረደው ይመስላቸዋል። የለም፣ ሒሳብ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 87 ሚሊ ሜትር እንዳለ ሆኖ፣ ፒስተኑ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስበት ርቀት ከ84 ወደ 90.7 ሚሊ ሜትር አደገ። የበፊቱ ሞተር በደቂቃ 9,000 ሲዞር ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ 25 ሜትር ይሮጣል። አዲሱ በ8,000 ዙር 24 ሜትር ይሮጣል፤ 9,000 ቢያደርሱት ኖሮ ከ27 ያልፍ ነበር። ቢየላውን የሚያስጨንቀው ይህ ሩጫ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሞተሮች የተሠሩት እስከ አቅማቸው ዳር ነው፤ ክሩስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው የተለያየው።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ኤፒ1 ላይ ሁለተኛ ማርሽ ይዘህ 9,000 ስትደርስ በሰዓት ከ65 ማይል በላይ እየሄድክ ነው። ሦስተኛውን እስከ ጫፍ ከጎተትከው 90 ታልፋለህ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ «ሬክለስ ድራይቪንግ» የሚባል ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። አባቱ ኡበር የሚሠራ ልጅ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

የለም፣ ለመንሸራሸር ነው ካልክ ደግሞ፣ ከዚህ ሰፈር ሰው የሚሄደው ወደ ስካይላይን ድራይቭ ነው። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች አናት ላይ 105 ማይል እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ በመከር ጊዜ ቅጠሉ ሲቀላ ለዓይን የሚያሳሳ መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። በሁለተኛ ማርሽ 35 ስትነዳ የኤፒ1 ሞተር ገና ከ5,000 ዙር በታች ነው። ቪቴክ የሚሉት፣ ቫልቮቹን በሰፊው ከፍቶ ሞተሩን የሚያስጮኸው ነገር የሚነሳው ደግሞ 6,000 አካባቢ ነው። እንግዲህ ሕግ አክብረህ ቀኑን ሙሉ ስትውል፣ ገንዘብህን ያፈሰስክበት ሞተር አልነቃም ማለት ነው።

በቅርቡ የአንድ ወዳጄ ልጅ ይዞኝ ሁለት መኪና ልናይ ሄደን ነበር፤ አንዷ የ2001፣ ሌላዋ የ2006። የመጀመሪያዋን ዱክ ስትሪት ላይ ከመብራት ስናስነሳት ነዳጁን ካልረገጥክላት የምትነቃነቅ አልሆነችም፤ ከኋላችን ያለው ፒክአፕ ጥሩምባ ነፋብን። ሁለተኛዋ ከዚያው መብራት በ3,000 ዙር ያለ ጩኸት ተነስታ ሄደች። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የመጎተት ጉልበቱ ከ153 ወደ 162 ፓውንድ ጫማ ከፍ አለ፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰውም በ7,500 ፈንታ በ6,500 ዙር ሆነ። በዚያ ላይ ሆንዳ የታችኞቹን ማርሾች አሳጥሯቸዋል። በየመብራቱ ለሚቆም ሰው ግን መኪና ማለት ይኸው ነው።

ድምፁን አልክድም። ያችው የ2001 አውራ ጎዳና መግቢያው ላይ 6,000ን ስታልፍ ልጁ ብቻ ሳይሆን እኔም ሳቅኩ።

ከሞተሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጭራዋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤፒ1ዎች የኋላ እግር አሠራር ጎማው ወደ ላይ ሲነሳና ወደ ታች ሲወርድ አቅጣጫው ትንሽ እንዲዞር ያደርገዋል። ኩርባ ላይ እያለህ ደንግጠህ ነዳጁን በድንገት ከለቀቅክ፣ በተለይ አስፋልቱ እርጥብ ጎማውም ያለቀ ከሆነ፣ የኋላው ቀድሞህ ሊሄድ ይፈልጋል። በ2004 ሆንዳ ይህን አስተካከለ፣ ቸርኬውንም ከ16 ወደ 17 ኢንች አሳደገ። በ2006 ደግሞ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር መጣ። አብሮት የነዳጁ ገመድ ወጥቶ በኤሌክትሪክ ተተካ፤ ባለሙያ ነን ባዮቹ ያለቅሱለታል። ከፊት የሚጎትት ሲቪክ ብቻ ነድቶ ለሚያውቅ የ23 ዓመት ልጅ ከገመዱና ከኮምፒውተሩ የትኛውን እንደምመርጥለት መናገር ያለብኝ አይመስለኝም። ኮምፒውተሩን ያልፈለገ በቁልፍ ማጥፋት ይችላል።

አውሮፓ ያለ አንባቢ በዚህ ክርክር አይድከም፤ እዚያ ሞተሩ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 2009፣ 2.0 ሊትር ሆኖ ቀጥሏል።

ሌላው የምሰማው ነገር «ኤፒ1 ዋጋዋ ይጨምራል» የሚል ነው። ይህ ያገራችን አመል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ንብረት ነው፤ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ይዞ የከሰረ ሰው አላየሁም፣ ሶማሌ ተራም ዕቃው አይጠፋም። እዚህም ኤስ2000 ከዓመት ዓመት እየተወደደች መሄዷ እውነት ነው። ዋጋ የሚጨምርላት ግን ያልተነዳችውና ያልተነካችው ናት። ኪሎ ሜትር እንዳይጨምርባት እየፈራህ ጋራዥ ውስጥ ሸፍነህ የምታስቀምጣት ከሆነ፣ ስንት እንደምትዞር የምንጨቃጨቀው ለምንድን ነው?

ያችን የ2001 ሳያት ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው፤ መስተዋት የመጣው በ2002 ነው። ጣሪያው ከሚታጠፍበት ጎን ላይ ጨርቁ ተቀዷል። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳየው ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነው፤ ሻጩ «ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ» አለኝ፣ አልዋሸም ይሆናል፤ እነዚህ የመጀመሪያ ሞተሮች ከፍ ባለ ዙር ሲነዱ ዘይት ይወዳሉ። ፓራፋንጎው ላይ ሊኖር የሚገባው የሻንሲ ቁጥር ተለጣፊ በአንዱ በኩል የለም፤ ያ ጎን ተቀይሯል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው አይታይም፤ ወደ ላይኛው ማርሽ እለውጣለሁ ብሎ በስህተት ወደ ታችኛው የከተተ ነጂ ሞተሩን ከ9,000 አሳልፎ የቫልቭ ሞላ መያዣዎቹን ሊሰነጥቃቸው ይችላል። የቫልቩን ክዳን ካልከፈትክ አታውቀውም፤ ሻጩም አላስከፈተኝም። ብዙ የኤፒ1 ባለቤቶች ይህን ፈርተው በነዚያ መያዣዎች ፈንታ የኤፒ2ን ያስገባሉ። «እውነተኛዋ» የሚሏት መኪና ውስጥ የሚናቀው ሞተር ዕቃ ይገኛል።

ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ወርዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሄልሜት አድርጎ ለሚነዳ ሰው ሌላ ነው። እዚያ ፖሊስ የለም፣ መብራት የለም፣ ሦስተኛ ማርሽም እስከ ቀዩ መስመር ይጎተታል። እሱ ኤፒ1 ይግዛ፤ የ2002 ወይም የ2003ቷን፣ የቫልቭ ክዳኗ ተከፍቶ ከታየ በኋላ። ሌላው የ2006ቷን ይግዛ፣ ያልተቆረጠች፣ ያልተነካካች፣ የፋብሪካ ቸርኬዋ ያለባት ከተገኘች። የወዳጄ ልጅ ግን ገና አልወሰነም። ሻጩ ለ2001ዷ ከ2006ቷ የበለጠ ጠይቋል፤ ያም ሆኖ ልቡ እሷ ጋ ነው። አባቱ ደግሞ ከሁለታችንም ጋር አይስማማም፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኘኝ «ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን መኪና፣ እናቱን የት ሊያስቀምጣት ነው?» አለኝ።