ሳክስፎን ስለሚለማመድ ልጅና ስለ ቤተ ሰቡ

ሙዚቃ የሚማር ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ዘፈኑ ይወደዳል፤ ልምምዱ ግን ያንኑ ነገር መላልሶ ስለሚያሰማ ጆሮን ያደክማል። ባለፈው ሰሞን በጎሮ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ስለዚሁ ነገር አማረሩን። «ልጄ ጃዝ እማራለሁ ብሎ ሳክስፎን አስገዛኝ፤ እነሆ ሦስት ወር ሙሉ በአምስት ድምፅ ብቻ ይወጣል፥ ይወርዳል። ጃዝ እንደ ልብ የሚጫወቱት ነው ይባላል፤ እንደ ልብ ለሚጫወቱት ነገር ታዲያ ይህ ሁሉ ልምምድ ምን ያደርጋል? ልሸጠው አስቤአለሁ» አሉን።

እኛም በጆሮአችን ሳንሰማ መፍረድን ስላልወደድን ወደ ቤታቸው ሄድን። ልጁ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ እያለ በዝግታ ይነፋ ነበር፤ ይህም ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው። ጥቂት ቆይቶ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረጋቸው፤ ቅኝቱም ትዝታ ማይነር ሆነ። ያን ጊዜ ጥግ ይዘው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አያቱ እንዝርታቸውን አቁመው፥ «ልጄ፥ አሁንስ ሆዴን አባባኸው» አሉት። ኖታ ያልተማሩት እናት የሁለቱን ድምፅ መለወጥ ወዲያው ዐወቁት።

እንግዲህ እንደ ልብ መጫወት ማለት ያለ ሥርዓት መጫወት አይደለም። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ለመቁጠር የሚችለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የየቅኔውን ልክ ስለ ተማረ ነው። ጃዝም እንደዚሁ ነው። ማይልስ ዴቪስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ባወጣው «ካይንድ ኦቭ ብሉ» በተባለው ሸክላ ውስጥ «ሶ ዋት» የሚባለው ሥራ በ32 ባር ውስጥ ሁለት ቅኝት ብቻ ይዟል፤ ጥበቡም ከጥቂት ድምፅ ብዙ ነገር ማፍለቁ ነው።

ኮርድ በተጨመረ ጊዜ ግን ችግር ይመጣል። በጃዝ ዘንድ እጅግ የተለመደው አካሄድ ከሬ ማይነር ወደ ሶል ሰባተኛ፥ ከዚያም ወደ ዶ ነው። ሶል ሰባተኛን ወደ ዶ የሚስቡት ሲና ፋ ናቸው፤ ሲ ወደ ዶ ይወጣል፥ ፋም ወደ ሚ ይወርዳል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በትዝታ ሜጀር ውስጥ የማይገኙ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ተማሪው ኮርዱን ብቻ ተከትሎ ቢሮጥ ትዝታው ሳያውቀው ይጠፋበታል። በለንደንና በቦስተን ተምረው በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለውን ሸክላ ያሳተሙት ሙላቱ አስታጥቄ የደከሙበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም አምስቱ ድምፅ በአሥራ ሁለቱ መካከል መልኩን ሳያጣ እንዲኖር ነው።

ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ በአፉ ያዚም፥ ቀጥሎም ያዜመውን ይንፋ። ሦስት ድምፅ ብቻ መርጦ ዐሥር ደቂቃ ያህል ምቱን እየለዋወጠ ይጫወት፤ ዝም ማለትንም ይልመድ። ከትዝታ ወደ ባቲ፥ ወደ አምባሰልና ወደ አንቺ ሆዬ ይለፍ። ኮርዱን ሲጀምር ደግሞ በየኮርዱ ላይ የሚያርፍበትን አንድ ድምፅ ለይቶ ይወቅ።

ለቤተ ሰብም የምንመክረው ይህን ነው። ለልምምዱ የታወቀ ሰዓት ይመደብለት፤ ጎረቤትም እንዳይታወክ በሩ ይዘጋ። «ዘፈኑ መቼ ነው?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ የትኛውን ቅኝት ይዘሃል?» ብሎ መጠየቅ ልጁን ያበረታታዋል።

ወዳጃችንም ነገሩን ካስተዋሉ በኋላ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ማታ ፈቀዱለት፤ ሳክስፎኑም አልተሸጠም። አያቱ ግን በሩ እንዲዘጋ አልወደዱም፤ እንዝርታቸውን ይዘው ወደ ልጁ ክፍል ገብተው ይቀመጣሉ አሉ።