ውሉን እኛም እንፈርም

ለሚኒስትሮች ምክር ቤት

አመልካቾች፦ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በታች ጋይንት ወረዳ፣ በአርብ ገበያ ከተማ የምንኖር ጎልማሳ ተማሪዎች

ጉዳዩ፦ የወጪ መጋራት ውል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኛ አመልካቾች ቸርቻሪዎች፣ የቀን ሠራተኞችና የልጆች እናቶች ነን። አንዳንዶቻችን በትዳር፣ አንዳንዶቻችን በድርቅ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ታናናሾቻችንን ለማስተማር ስንል ትምህርታችንን አቋርጠን ነበር። ዘግይተን ተመለስን እንጂ በችሮታ አላለፍንም፤ እንደማንኛውም ተማሪ ተፈትነን ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ያመጣው አሠራር የታወቀ ነው። መደበኛው ተማሪ ውል ይፈርማል፣ ይማራል፣ ሥራ ሲይዝ ድርሻው ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል። «ዕድሜ የሚከለክለው ነገር የለም» ይሉናል። እውነት ነው፤ እኛን የከለከለን ሰዓቱ ነው። ልጆቿን ጥላ ዶርም መግባት የማትችል እናት ያላት አማራጭ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ነው። በዚያ በር የገባ ደግሞ ውል የለውም፤ በየሴሚስተሩ ከኪሱ ይከፍላል።

ከመካከላችን አንዷ አርብ አርብ ገበያ ላይ በርበሬና ጨው ትቸረችራለች። ደብተሯ ከፊት ሲከፍቱት የዱቤ መዝገብ ነው፤ ገልብጠው ሲከፍቱት የአካውንቲንግ ማስታወሻ። ባለፈው ምዝገባ ዱቤው ሳይሰበሰብ ቀኑ አለፈና ከትምህርቷ ቀረች። ቀን ጨምሩልኝ ብላ የለመነችበትን መስኮት ስም አንጠራም፤ አቤቱታችን በአሠራሩ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም።

«በዚህ ዕድሜ መቼ ሊከፍሉ?» የሚልም አልጠፋም። ደንብ ቁጥር 91 ለመክፈያ የሰጠው ጊዜ ቢበዛ 15 ዓመት ነበር። በ40 ዓመቱ የተመረቀ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ 20 ዓመት ይሠራል። ደግሞስ ቤታችንም ልጆቻችንም እዚሁ ናቸው፤ ዕዳ ጥሎ የሚጠፋ ቢኖር (ድፍረታችን ይቅር ይባልልንና) እኛ አይደለንም።

ለአገራችን ለጋይንት በጉልምስና መማር እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ድጓን ሊያስመሰክር እዚሁ ጋይንት ወዳለው ቤተልሔም የሚመጣ ጢማም ተማሪ ዕድሜው ስንት ነው ተብሎ አያውቅም። አኮፋዳውን አንግቶ ደጃችን ሲቆም እናቶቻችን ቁራሽ የሚሰጡት ለልጅና ለጎልማሳ ለይተው አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅም አያቶቻችን ፊደል እንዲቆጥሩ ተጠርተው ነበር።

ስለዚህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በማታና በቅዳሜና እሁድ የምንማር፣ የመክፈል አቅም እንደሌለን ቀበሌያችን የሚመሰክርልን ተማሪዎች፣ ቢያንስ ለትምህርት ክፍያው ውል ፈርመን እንድንማር የወጪ መጋራት ደንቡ ይሻሻልልን። ቀለብና መኝታ አልጠየቅንም፤ በየቤታችን እንበላለን፣ በየቤታችን እናድራለን። ውሉ እስኪፈቀድም ዩኒቨርሲቲዎቹ ክፍያውን በየወሩ ከፋፍለው ይቀበሉን።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(3) በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት ሰጥቶናል። የምንለምነው ምሕረት ሳይሆን ይህንኑ ነው። ውሳኔው እሺም ይሁን እምቢ፣ ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲደርሰን በትሕትና እናመለክታለን።

ከአክብሮት ጋር
አመልካቾች