ካቴና አይጠጣም!

ይድረስ ለካኩማና ለካሎቤዬ ብስክሌት ነጂዎች፣ ለፉንዲዎች፣ በብስክሌት ጀርባ ጄሪካንም ሰውም ለምታጓጉዙ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ።

ጉዳዩ የብስክሌት ካቴና ነው። «ግጥምና ልብ ወለድ በሚነበብበት ወረቀት ላይ ካቴና ምን ዶለው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሱ ቀላል ነው። ለሞተር የምትከፍለው የሌላት እናት የታመመ ልጅዋን ክሊኒክ የምታደርሰው በብስክሌት ነው። ራሽን ከማደያው እቤት የሚገባው በብስክሌት ነው። ሥራ የተነፈገው ወጣት የቀን ጉርሱን የሚያገኘው በብስክሌት ነው። ብስክሌቱን ደግሞ የሚያስኬደው ካቴናው ነው። በአገራችን ቋንቋ ካቴና የእስረኛ እጅ ማሰሪያም ስም ነው፤ ለእኛ ግን ይኸው ካቴና ከታሰርንበት ድህነት ትንሽ ፈቀቅ የሚያደርገን ነገር ሆኗል። ስለ እንጀራ የማይጽፍ ብዕር ስለ ምን ይጽፋል?

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። በዚህ አቧራና በዚህ ነፋስ ውስጥ ካቴናን በዘይት ማጥለቅለቅ መንከባከብ አይደለም፤ መግደል ነው። «ጮኸ? አጠጣው!» የሚለው አጉል ልማድ የብዙ ድሃ ብስክሌት አጥፍቷል፤ አሁንም እያጠፋ ነው። ይህን ልማድ ከሥሩ መንቀል አለብን።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን መሬት እንወቅ። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል ባለው ዝቅተኛ መሬት ነፋሱ ተጠብቦ ያልፋል፤ ሲጠብም ይበረታል። ከቱርካና ሐይቅ ማዶ፣ በሎያንጋላኒ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመርቆ የተከፈተ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለ። 365 ተርባይኖች ተተክለውበታል፤ አቅሙም 310 ሜጋዋት ነው። ባለ ገንዘቦች ያን ያህል ብረት እዚያ የተከሉት ነፋሱን አምነው ነው። እኛ ግን ይኸው ነፋስ የታራችን ደረቅ አሸዋ እያነሣ በየቀኑ ሲያለብሰን እያየን፣ ብስክሌታችንን ዝናብ በማያቋርጥበት አገር እንደሚነዳ ሰው በዘይት እናረጥበዋለን።

ለመሆኑ ካቴና ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ከላይ የሚታየውን ብረት ብቻ እናያለን። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ባለ ቦኮላ ካቴና ሃንስ ሬኖልድ የተባለ በስዊዘርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይሠራ የነበረ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1880 በስሙ አስመዘገበው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ መካከል ፒን አለ፤ ፒኑ በቦኮላ ውስጥ ይዞራል፤ በቦኮላው ላይ ደግሞ ጥርሱን የሚነካው ተንከባላይ ቀለበት ተሰክቷል። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በአንድ ካቴና ላይ ከ100 በላይ ነው። ማለስለሻ የሚያስፈልገው እዚያ ውስጥ፣ በፒኑና በቦኮላው መካከል ነው እንጂ በውጭ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ አይደለም። በውጭ የሚንጠባጠበው ዘይት አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ አቧራ ይሰበስባል።

አሸዋችን ውስጥ ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ አለ፤ ከተራ ብረት ይጠነክራል። ይህ ድንጋይ ደቅቆ ከዘይት ጋር ሲለወስ ምን ይሆናል? ቢላዋ የሚስል ሰው መልሱን ያውቃል፤ መሳያ ይሆናል። ካቴናው በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ያ ጥቁር ሊጥ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ፒኑን ይፍቃል፤ ቦኮላውን ያሰፋል። ከዚያ «ካቴናው ተለጠጠ» እንላለን። ብረቱ እንደ ላስቲክ አልተለጠጠም፤ ውስጡ ተበላ እንጂ! ከመቶ በላይ መገጣጠሚያዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ሲበሉ ድምሩ ርዝመት ሆኖ ይታያል። የተበላው ካቴና ደግሞ ለብቻው አይሞትም፤ የኋላውንና የፊቱን ጥርስ እንደ መንጠቆ አድርጎ ሞርዶ ይዞ ይሞታል። አንድ ቀን ጭነት እንደተጫነ ይዘላል፤ ነጂውም ተሳፋሪውም ይወድቃሉ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን ክርክር እንምጣ።

አንደኛው ወገን «ዘይት ሲጨመርበት ጩኸቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» ይላል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው! ጩኸቱ ጠፋ ማለት አሸዋው ወጣ ማለት አይደለም። አሸዋው በዘይቱ ተሸፍኖ ድምፅ ሳያሰማ ይበላል። የሚጮህ ካቴና ቢያንስ እውነቱን ይናገራል፤ በቆሻሻ ላይ ዘይት የተጨመረበት ካቴና ግን እያባበለ ነው የሚያደኸየን።

ሁለተኛው ወገን «ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነፃ ይገኛል፤ ሰም ግን ገንዘብ ነው» ይላል። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር የተደፋው ለምን ይመስላችኋል? የብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና አሲድ ስለያዘ ነው። ሞተሩ አልፈልግም ብሎ የተፋውን እኛ ለካቴናችን እናጎርሳለን! ይህም ብቻ አይደለም፤ ለካንሰር የሚያጋልጡ ንጥረ ነገሮች ስላሉበት ፉንዲው ዕለት ዕለት እጁን ሲነክርበት መኖሩ ለጤናው አደጋ ነው። የተሳፋሪዋን ቀሚስና ነጠላ ማበላሸቱን ሳንቆጥር። ነፃ የተባለው ዘይት ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው፤ በካቴና፣ በጥርስ፣ በቆዳ።

ሦስተኛው ወገን የባሰ ነው፤ የራሽን ዘይት ያፈሳል። የምግብ ዘይት አየርና ሙቀት ሲያገኘው ይወፍርና ሙጫ ይሆናል፤ አቧራውንም አጥብቆ ይይዛል። ራሽን ደጋግሞ ሲቀነስ ባየንበት ሰፈር የልጅን ወጥ ለካቴና ማጠጣት ከስሕተትም በላይ ነው።

አራተኛው ወገን ክርክር የለውም፤ ተስፋ ቆርጧል። «ነገ ለምንሄደው ምን አስጨነቀን? የስደት ብስክሌት ነው፤ ይለቅ» ይላል። ወገኖቼ፣ ይህ ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በዚያ ዓመት እዚህ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ራሱም ልጆች ወልዶ ይሆናል። «ነገ እንሄዳለን» እያልን ያልጠገንነው ቤት፣ ያልተከልነው ዛፍ፣ ያላጸዳነው ካቴና ስንት ነው? መሄዱስ ደግ፤ ለሚሄድም ሰው ቢሆን የሚያስፈልገው የሚሠራ ብስክሌት ነው። የያዙትን መንከባከብ ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ተስፋ መቁረጥ ማለት በእጅ ያለውን ዐይን እያየ ማስበላት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሳችን ሰም ነው፤ የተለመደው የሻማ ሰም። ሰም ከቀዘቀዘ በኋላ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይለጠፍበትም። በውጭ ያለው እየተፈረፈረ ይረግፋል፤ በውስጥ ያለው ፒኑን እያለሰለሰ ይቀራል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ዛሬ በአውሮፓ ታላላቅ ውድድሮች ከሚሰለፉት ቡድኖች ብዙዎቹ ካቴናቸውን በሰም ይነክራሉ። አባቶቻችን ሰምና ወርቅ ሲሉ ሰሙን አቅልጠው ወርቁን ያስቀራሉ፤ በካቴና ነገር ግን ወርቁ ራሱ ሰሙ ነው።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ያዙ።

ካቴናውን ከመጋጠሚያ ክሊፑ ፍቱት። በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ በላምባ እየናጣችሁ እጠቡት፤ ላምባው ጠቁሮ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሙት። የጠቆረውን ላምባ አትድፉ፤ ሲያድር ቆሻሻው ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ለሌላ ጊዜ ያገለግላል። ዝቃጩን ወደ ታራች ወይም ሕፃናት ወደሚጫወቱበት መሬት መድፋት ነውር ነው። ላምባ ራሱ ቅባት ስለሚተው ካቴናውን በሙቅ ውኃና በሳሙና እንደገና እጠቡት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ፍጹም ይድረቅ። ይህን የዘለለ ሰው «ሰም አይሠራም» ብሎ እንዳይመሰክር! በቅባት ላይ ሰም አይዝም።

ቀጥሎ የሻማ ቁርጥራጭ በጣሳ አድርጉና ጣሳውን ውኃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ አስቀምጡት። ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ክልክል ነው፤ ሰም ከመጠን በላይ ከጋለ ይቀጣጠላል፤ ቤቶቻችንም ሸራና እንጨት ናቸው። ሥራው ከቤት ርቆ፣ ሕፃናት በሌሉበት፣ ነፋሱ ባልተነሣበት ሰዓት ይሁን። እሳት ቢነሣ በክዳን አፍኑት እንጂ ውኃ አትድፉበት። ካቴናው ሰሙ ውስጥ ሲገባ አረፋ ያወጣል፤ ከየቦኮላው የሚወጣ አየር ነው። አረፋው እስኪያቆም፣ ብረቱም እንደ ሰሙ እስኪግል አሥር ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቆይ፤ በሽቦ እያነቃነቃችሁት። ከዚያ አውጥታችሁ ስቀሉት። ሲቀዘቅዝ እንደ ዱላ ይደርቃል፤ አትደንግጡ፤ በእንጨት ላይ እየጠቀለላችሁ አንድ በአንድ አጥፉት፤ ይላላል። ስትገጥሙት የክሊፑ ድፍን ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ ክፍቱ ጫፍ ወደ ፊት ከሆነ ነገር ሲነካው ይፈታል።

ያ ሁሉ አጠባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና መንከር ይበቃል። በደረቅ መንገድ አንድ ንክር ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ ጭነት ለሚበዛበትና በአሸዋ ለሚነዳ ሰው ግን ቶሎ መድገም ይሻላል።

«የቱርካና ፀሐይ ሰሙን አያቀልጠውም?» የሚል ይኖራል። የሻማ ሰም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀልጠው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ በጥላ ያለው የቀን ሙቀታችን ከዚያ በታች ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ግን ከአየሩ ይልቅ ይግላልና ብስክሌቱን ጥላ ሥር አቁሙት። «ዝናብስ?» የሚለውም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰም ዝገትን አጥብቆ አይከላከልም፤ ዝናብ የመታው ወይም ጎርፍ ያቋረጠ ካቴና የዚያኑ ዕለት ተጠርጎ ይድረቅ፤ ሰምም ይጨመርለት። ዝናቡ በከረመበት ሰሞን ወደ ዘይት መመለስ ስሕተት አይደለም። እኛ የምንቃወመው ዘይትን ሳይሆን ማጥለቅለቅን ነው።

ስለሆነም ሰም ላላገኘ ሰው ሕጉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ፔዳሉን ማዞር፣ በመጨረሻም ውጩን ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መጥረግ። ልብስ ሰፊዎቻችን ለስፌት መኪናቸው የሚጠቀሙበት ቀጭን ዘይት ንጹሕ ነው፤ ቀጭን በመሆኑ ግን ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት። ብላክ ማምባ የምትነዱም የካቴናውን ሽፋን «ይንጫጫል» ብላችሁ አትንቀሉት። እሱ ጌጥ አይደለም፤ ከአሸዋ የሚከልል ግድግዳ ነው። ቢንጫጫ ይጠበቅ!

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነውና መለካትንም እንልመድ። ማስመሪያ ውሰዱ። በአዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን መካከል ተነሥታችሁ 24 መገጣጠሚያ ስትቆጥሩ ልክ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ላይ ትደርሳላችሁ። ርዝመቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ ካቴናው ይለወጥ፤ ጥርሶቹ ገና ይተርፋሉ። ሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ጥርሶቹም ሳይበሉ አልቀሩም። በወቅቱ የለወጠ አንድ ዕቃ ይገዛል፤ ያዘገየ ሦስት ይገዛል።

ሻማ መግዛት ለአንድ ሰው ከባድ ሊሆን ይችላል። ለአሥር ሰው ግን ቀላል ነው። በየብሎኩ አንድ የሰም ጣሳ፣ አንድ አሮጌ ድስት፣ አንድ ኃላፊ ፉንዲ ይኑር። ከየቤቱ የተረፈ የሻማ ጉማጅ ይሰብሰብ፤ ያው ሰም ደጋግሞ ይቀልጣል፣ የብዙ ሰው ካቴና ይነከርበታል። ፉንዲዎችም ሆይ፣ በማጽዳት ብትከፈሉ ይሻላችኋል፤ ጥርስ መለወጫ ካጣና ብስክሌቱን ከጣለ ደንበኛ ምንም አታገኙም።

ነፋሱን ማቆም አንችልም። አቧራውን ከዚህ አገር ማስወጣት አንችልም። መቼ እንደምንሄድ የሚወስኑትም ሌሎች ናቸው። ካቴናችን ላይ ምን እንደምናደርግ ግን የምንወስነው እኛው ነን። ይህን የሚቃወም ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ ይሰጠው። ከመጻፉ በፊት ግን የራሱን ካቴና በማስመሪያ ይለካ።